ሕፃናት በቴሌቪዥን ከሚያዩት ምን ይማራሉ?

ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚያስቡ ወላጆች ዘወትር ከሚያነሡት ጥያቄ አንዱ፣ ለሕፃናት ተብሎ በቴሌቪዥን የሚቀርበው ትርኢት ጠባያቸውን ይለውጣል ወይስ አይለውጥም የሚል ነው። አንዳንዶች «ጨዋታ ነው፤ አይተው ይረሱታል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁ ያጠፋውን ሁሉ በቴሌቪዥኑ ያላክካሉ። የመጀመሪያዎቹ የዐይንን ኀይል አቃልለዋል፤ ሁለተኞቹም የአሳዳጊን ኀላፊነት ዘንግተዋል።

ማየት ምን ያህል እንደሚያስተምር በአብነት ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው ነጋሪ አያሻውም። አቋቋምን የሚማር ደቀ መዝሙር የመቋሚያውን አነሣሥና የጸናጽሉን አጣጣል የሚይዘው መምህሩን ትኩር ብሎ በማየት ነው። እንግዲህ ዐይን ማሕሌትን የሚያስተምር ከሆነ፣ ጠብንና ስድብንስ አያስተምርምን?

ይህን በምርምር ከገለጡት ሊቃውንት አንዱ፣ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አልበርት ባንዱራ ነው። እርሱና ረዳቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት 72 ሕፃናትን በሦስት ወገን ከፈሉ። አንደኛው ወገን አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት በቡጢና በመዶሻ ሲመታ አየ፤ ሁለተኛው ያየው ሰው በጸጥታ በሌላ መጫወቻ ሲጫወት ነበር፤ ሦስተኛው ግን ማንንም አላየም። ኋላ ሕፃናቱ ወደ አሻንጉሊቱ በቀረቡ ጊዜ፣ ድብደባውን ካዩት ብዙዎቹ ያንኑ አመታት፣ ንግግሩን እንኳ ሳይቀር፣ ደገሙት። በ1963 ዓ.ም. በታተመው ጥናት ደግሞ ያው ድርጊት በፊልም በቀረበ ጊዜም ሕፃናቱ እንደሚኰርጁት ታወቀ።

«ክፉው ሰው በትርኢቱ መጨረሻ ይቀጣልና ልጁ ከክፋት መራቅን ይማራል» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሆነው ባንዱራ በ1965 ዓ.ም. ያሳተመው ሌላ ጥናት ነው። በዚህ ጥናት አንዳንዶቹ ሕፃናት መቺው ሲሸለም፣ አንዳንዶቹ ሲቀጣ፣ ሌሎቹም ሳይሸለም ሳይቀጣ ሲቀር አዩ። ቅጣቱን ያዩት ከሸልማቱ ተመልካቾች ይልቅ ጥቂት ብቻ ኰረጁ። ነገር ግን ያዩትን አድርገው ቢያሳዩ ስጦታ እንደሚያገኙ በተነገራቸው ጊዜ፣ ሁሉም ድርጊቱን በእኩል ይዘውት ተገኙ። ቅጣቱ እጃቸውን ገታው እንጂ ያዩትን ከልባቸው አልፋቀውም። ወላጅ ይህን ነገር አጥብቆ ሊያስተውለው ይገባል፤ ልጁ ዛሬ ያላደረገውን አልተማረውም ማለት አይቻልምና።

እርግጥ ነው፣ አሻንጉሊቱ ለመመታት የተሠራ ስለ ሆነ እርሱን መምታት ባልንጀራን ከመምታት ጋር አንድ አይደለም ብለው የተቹ አሉ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ልጅ ፊልም በማየቱ ብቻ ዐመፀኛ ይሆናል ብሎ መፍረድም አይገባም። ጥናቱ የሚያስረዳው ሕፃን ያየውን እንደሚይዝ ነው።

ደግሞም በዐይን በኩል የሚገባው ክፉው ብቻ አይደለም። ሊኔት ፍሬድሪክና አሌታ ስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ትዕግሥትንና ርኅራኄን የሚያስተምረውን የፍሬድ ሮጀርስን ዝግጅት ያዩ ሕፃናት በጀመሩት ሥራ በመጽናትና ሥርዐትን በመጠበቅ ተሻሽለው ተገኙ። ጠብ የበዛባቸውን የባትማንና የሱፐርማን ሥዕላዊ ፊልሞች ካዩት መካከል ግን አስቀድሞ ጠብ ይወዱ የነበሩት ባሰባቸው።

በአገራችንም ቴሌቪዥን በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ አባባ ተስፋዬ ተብለው የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ለብዙ ዓመታት ልጆችን በተረት ሲመክሩ ኖረዋል። ምክራቸውን ሰምተው ያደጉ ጎልማሶች ዛሬም ስማቸውን በፍቅር ያነሣሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅትም፣ ፀሐይ በተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ፊደልንና ንጽሕናን አስተምሯል።

ይሁን እንጂ በቀድሞው ዘመን አንዱን ቴሌቪዥን ቤተ ሰብና ጎረቤት በአንድነት ይመለከተው ነበር። ልጁ ሲስቅ የሚያየው፣ ሲደነግጥም የሚያስረዳው ታላቅ ከአጠገቡ አይታጣም። ዛሬ ግን ትርኢቱ በእጅ ስልክ ገብቶ ሕፃኑ ለብቻው ጥግ ይዞ ያየዋል። አስጊው ይህ ብቸኝነት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሦስት ነገሮችን ያድርጉ። አንደኛ፣ ሕፃኑ የሚያየውን አብረውት ይዩ፤ የማይጠቅመውንም አስቀድመው ይለዩ። ሁለተኛ፣ ካየ በኋላ ይጠይቁት፦ «ይህ ሰው ያደረገው መልካም ነውን? የተመታው ምን ተሰማው? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ክፉው በመጨረሻ ተቀጣ ብለው ዝም አይበሉ። ሦስተኛ፣ መልካሙን አይቶ እንዳይቀር በሥራ ያለማምዱት፤ ማካፈልን ካየ፣ በዚያው ቀን ከቍርሱ ለእኅቱ ያካፍል። የንስሐ አባቶችም ወደ ልጆቻቸው ቤት በገቡ ጊዜ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ሕፃናቱ ምን እንደሚመለከቱና ከማን ጋር እንደሚመለከቱ ቢጠይቁ ታላቅ ረድኤት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር አንርሳ። ሕፃኑ ከማንኛውም ትርኢት ይልቅ ዘወትር የሚያየው አባትና እናቱን ነው። ስድብን ከቴሌቪዥን የዘጋ ወላጅ በማዕድ ዙሪያ ቢሳደብ፣ ልጁ የሚይዘው የቱን ይሆን? እንግዲህ የሚያየውን ስንመርጥለት፣ እኛንም እንደሚያየን ዐውቀን እንኑር።