በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎትን ስለ ማቀድና ስለ መገምገም



ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲናገር፣ ያ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው ያስተምረናል። በምዕራፍ 15 ደግሞ መቶ በጎች ስላሉት እረኛ ይነግረናል። እረኛው አንዲቱ በግ እንደ ጠፋች ያወቀው ስለ ቆጠረ ነው፤ የማይቆጥር እረኛ የጠፋበትን አያውቅም፣ የማያውቀውንም አይፈልግም። የእነዚህ ምሳሌዎች ዋና ትርጉም ከዚህ የጠለቀ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም መልካም ሥራ ሁሉ ሳይታሰብበት ሊጀመር፣ ሳይቆጠርም ሊቀጥል እንደማይገባ ያሳስቡናል።

በዚህ ጽሑፍ ለመምህራን፣ ለደናግል፣ ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችና ለወላጆች በትምህርት ቤት የሚሰጠው የምክር አገልግሎት እንዴት እንደሚታቀድና እንዴት እንደሚገመገም እናቀርባለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ካሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ ማለትም ከወሎው ቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከሳይንትና ከለጋምቦ ነው።

1. ምክር ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቋንቋችን «መምከር» ሲባል ብዙ ጊዜ ታላቁ ይናገራል፣ ታናሹ ያዳምጣል። «ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው አባባልም ጥፋቱን ሁሉ በሰሚው ላይ ይጥላል። የትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ግን ቅደም ተከተሉን ይለውጠዋል፤ አስቀድሞ የሚያዳምጠው መካሪው ነው። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ሲያገኝ፣ መጻሕፍትን ከመተርጐሙ በፊት በመንገድ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ኀዘናቸውንም እስኪጨርሱ ሰማቸው።

ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስለ እረኝነት በጻፈው መጽሐፍ አንድ ዓይነት ምክር ለሰው ሁሉ እንደማይስማማ በሰፊው አስረድቷል። ድኻና ባለጸጋ፣ ወጣትና ሽማግሌ፣ ደፋርና ዓይነ አፋር የሚመከሩት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮም እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጣው አጭር ጽሑፍ የወጣቶች አስተዳደግ በአእምሮ፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ መመሥረት እንዳለበት፣ ከጥፋት በኋላ ከመቅጣት ይልቅ ከጥፋት በፊት አብሮ መገኘት እንደሚሻል አስተምሯል።

በዓለማዊው በኩል ዘመናዊው አገልግሎት የተጀመረው ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ወጣቶችን በሥራ ምርጫ የሚረዳ ቢሮ ሲከፍት ነው። የፓርሰንስ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ወጣቱ ራሱን ይወቅ፣ ሥራውን ይወቅ፣ ከዚያም ሁለቱን ያገናዝብ የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ሰፍቶ የትምህርትን፣ የሥነ ልቡናንና የማኅበራዊ ኑሮን ችግሮች አቅፏል።

እዚህ ላይ ለካህናት በተለይ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። ምክር ኑዛዜ አይደለም። የምሥጢረ ንስሓ ማኅተም በምንም ምክንያት አይፈታም፤ የመካሪ ምሥጢር ግን የልጁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ወሰን አለው። ይህን ወሰን ልጁ ከመናገሩ በፊት ማወቅ ይገባዋል። ምክር ስብከትም አይደለም። በዚህ አካባቢ አብዛኞቹ ተማሪዎች የእስልምናና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታዮች ናቸው፤ የእኛ ምእመናን ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ያስተማረውን የምናከብር ከሆነ፣ የተጨነቀ ልጅ ወደ እኛ መምጣቱን ሃይማኖቱን ለማስለወጥ አጋጣሚ ልናደርገው አይገባም።

2. የአካባቢያችን ሁኔታ

ዕቅድ ከመጽሐፍ አይጀመርም፤ ልጆቹ ካሉበት ኑሮ ይጀመራል። በዚህ ደጋ የሚታዩት ዋና ዋና ችግሮች አራት ናቸው።

ሀ) የኑሮ ርቀት። ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከገጠር ቀበሌዎች፣ አንዳንዶቹም ወደ ዓባይ ከሚወርደው ቆላ፣ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ አቀስታ ወይም ወደ አጅባር መጥተው በጋራ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። በ15 ወይም በ16 ዓመታቸው ያለ ወላጅ ያድራሉ፤ ስንቃቸው ሲያልቅ በእግራቸው ተመልሰው ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ያመጣሉ። ሰኞ የሚቀር ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

ለ) ያለ ዕድሜ ጋብቻ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ሐ) ስደት። ከወሎ ወደ ዓረብ አገሮች የሚወስደው መንገድ በየቤቱ የታወቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ መከራው በአደባባይ ታየ፤ ጉዞው ግን አልቆመም።

መ) ፈተናና ጦርነት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ከቀሩት ጥቂቶቹ በማካካሻ ትምህርት ዕድል ቢያገኙም ብዙኃኑ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከከፈተ ወዲህ ለከተማዋ ወጣት የዩኒቨርሲቲ በር ቅርብ ሆኗል፤ መግቢያው ግን ሩቅ ነው። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ መድረሱ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን መዝጋቱ፣ በልጆች ልብ ፍርሃትንና ሐዘንን ትቷል።

እረኛው ስለ አንዲቱ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሄደ። እኛ ግን ፈተናውን ለሚያልፉት ጥቂቶች ብቻ ካቀድን፣ ዘጠናዎቹን በምድረ በዳ ትተን ስለ ጥቂቶቹ መደሰታችን ነው። እንግዲህ የምክር አገልግሎት ዋና ጥያቄ «ስንት አለፉ?» ሳይሆን «ማን ጎደለ፣ ለምን?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

3. ዕቅዱ

የመጀመሪያው ደረጃ ችግሩን ማጥናት ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የስም መጥሪያው፣ የምዝገባ መዝገቡና የውጤት መዝገቡ በየትምህርት ቤቱ አሉ። ከሦስቱ ቀጥሎ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት የሚያስጨንቃቸውን እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ወላጆችን፣ የቅሬ ሽማግሌዎችን፣ ቀሳውስትንና ሼሆችንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በወሎ ምድር የልጅ ጉዳይ የቤተሰብ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ሁለተኛው መምረጥ ነው። ሁሉን ችግር በአንድ ዓመት ለመፍታት የሚነሣ ዕቅድ አንዱንም አይፈታም። ሁለት ወይም ሦስት ችግሮች ይመረጡ፤ ለእያንዳንዱም የሚቆጠር ግብ ይቀመጥ። «የሴቶችን ትምህርት ማበረታታት» ምኞት ነው፤ ግብ ግን አይደለም። ለምሳሌ በመስከረም 60 ልጃገረዶች በ9ኛ ክፍል ተመዝግበው በሰኔ 48 ቢገኙ፣ ከአምስቱ አንዷ ጎድላለች ማለት ነው። «በሚመጣው ዓመት የሚጎድሉት ከ6 እንዳይበልጡ» ማለት ግን ግብ ነው።

ሦስተኛው ሰውና ቦታ መወሰን ነው። በአሜሪካ የትምህርት ቤት መካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ መካሪ እንዲኖር ይመክራል። ይህ በእኛ አገር ሩቅ ስለ ሆነ፣ የሠለጠነ ባለሙያ በሌለበት የክፍል ኃላፊ መምህራን መሠረታዊውን የማዳመጥ ሥራ ቢማሩ መልካም ነው። ሴት ልጆች የሚያነጋግሯት ሴት መምህርት ትኑር። ቀጪውና መካሪው አንድ ሰው አይሁኑ፤ ጠዋት የቀጣውን ሰው ልጁ ከሰዓት በኋላ ምሥጢሩን አያካፍለውም። ክፍሉም የሚታይ ነገር ግን የማይሰማ ይሁን፤ በመስኮቱ ሰው ይታይ፣ ድምፅ ግን ወደ ውጭ አይውጣ። ይህ ልጁንም መካሪውንም ይጠብቃል።

አራተኛው የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የአካባቢውን ዓመት ይከተል።

መስከረምና ጥቅምት፦ አዲስ ገቢዎችን መቀበል፣ ማን ከማን ጋር ተከራይቶ እንደሚኖር መመዝገብ።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ አዝመራው የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለ ሆነ የሚቀሩትን መከታተል፣ ከጥር ሠርግ በፊት ወላጆችን ማነጋገር። የሠርጉ ድንኳን ከተተከለ በኋላ የሚሰጥ ምክር ዘግይቷል።

ጥርና የካቲት፦ የቀሩትን ልጃገረዶች በስም መፈለግ፣ ለመመለስ የሚችሉትን መመለስ።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ፦ ስለ ፈተና ጭንቀት፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት፣ ስለ እርሻና ንግድ ሥራ፣ ስለ ስደትም በግልጽ መወያየት።

አምስተኛው የአገልግሎቱን ወሰን ማወቅ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ልጅ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ የተደፈረች ወይም የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ ደግሞ የጤና፣ የፖሊስና የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ነው። እንዲህ ያለውን በሽምግልና ሸፍኖ ማስታረቅ ዕርቅ አይባልም። ማን ወዴት እንደሚላክ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ።

4. ግምገማው

የትምህርት መርሐ ግብርን ለመገምገም ዳንኤል ስታፍልቢም የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ያቀረበው ዘዴ በአራት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። ሁኔታው ምን ነበር? ምን ግብዓት ቀረበ? ሥራው እንዴት ተከናወነ? ምን ውጤት ተገኘ? ከእነዚህ የመጨረሻውን ብቻ የሚጠይቅ ውድቀትን ያያል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። በዓመቱ መጀመሪያ ምንም ያልቆጠረም በመጨረሻው የሚያነጻጽርበት የለውም።

ቁጥር በጥንቃቄ ይነበብ። ወደ ምክር ክፍል 200 ልጆች መጡ ማለት 200 ልጆች ተረዱ ማለት አይደለም። ማንም አልመጣም ማለትም ችግር የለም ማለት አይደለም፤ ምሥጢር እንደማይጠበቅ ተወርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ልጆቹን ስማቸውን ሳይጠይቁ ማዳመጥ ይገባል፦ መካሪው ሰማህን? የነገርከው ሌላ ቦታ ተሰማ? ተመልሰህ ትመጣለህን?

ገምጋሚዎች የልጆችን የግል መዝገብ ማንበብ የለባቸውም። መካሪው ዕድሜን፣ ክፍልን፣ የችግሩን ዓይነትና የተደረገውን ርዳታ ያለ ስም ጠቅልሎ ያቅርብ። በትንሽ ከተማ ውስጥ «ከእገሌ ቀበሌ የመጣች የ10ኛ ክፍል ልጅ» ማለት ስሟን ከመጥራት አይለይምና ጥንቃቄው ይጽና። መዝገቡም ተቆልፎ ይቀመጥ።

ግምገማው በሰኔ መጨረሻ ርእሰ መምህሩ፣ መምህራን፣ የወላጆች ተወካዮችና ተማሪዎች በተገኙበት ቢደረግ፣ የክረምቱ ወራት ዕቅዱን ለማረም ይበቃሉ። ዓላማው ወቀሳ አይሁን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ፍሬ ያላፈራችው በለስ ልትቈረጥ በተባለ ጊዜ፣ አትክልተኛው ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ እስኪያደርግ አንድ ዓመት እንድትቆይ ለመነ። ትዕግሥቱ ከሥራ ጋር ነበር፤ ቀጠሮም ነበረው። ከታሰበው 6 ይልቅ 9 ልጃገረዶች ቢጎድሉ ግቡ አልተመታም፤ ነገር ግን ከ12 ሦስቱ ተርፈዋል። የተረፉት በምን እንደ ተረፉ፣ የጎደሉት ዘጠኙም አሁን የት እንዳሉ መጠየቅ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መጀመሪያ ነው።

የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ከተመሠረተ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ምድር ለሐዋርያዊ አገልግሎታችን በአደራ ተሰጥቷል። የራሳችን ትምህርት ቤት በሌለበትም መምህር የሆነ ምእመን አለን፤ እርሱ በስም መጥሪያው ላይ የጎደለውን ስም አይቶ «ይህ ልጅ የት ሄደ?» ብሎ ከጠየቀ አገልግሎቱ ተጀምሯል።

5. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ. በምናስተምርበት ወይም ልጆቻችን በሚማሩበት ትምህርት ቤት ባለፈው መስከረም ተመዝግበው በሰኔ ያልተገኙት ስንት ናቸው? ስማቸውን የሚያውቅ አለን?

2ኛ. በትምህርት ቤቱ ቀጪውና መካሪው አንድ ሰው ናቸውን? ይህን ለመለየት ምን ማድረግ ይቻላል?

3ኛ. ለሌላ ሃይማኖት ተከታይ ልጅ ምክር ስንሰጥ እምነቱን እንደምናከብር በምን ያውቃል?

4ኛ. ፈተናውን ላላለፈ ወጣት፣ ከስደት በቀር ልናሳየው የምንችለው በአካባቢያችን ያለ መንገድ የትኛው ነው?