ለአሮጌ ቶርኖ ዘይት ስትመርጥ በቁጥሩ አትታለል

ቶርኖዬ ሩሲያ ሠራሽ 1ኬ62 ነው። ስገዛው የዘይት ሰሌዳው ተልጦ ነበር፤ ከማኑዋሉ የተረፈች አንዲት ገጽ ግን ለካምቢዮው «ኢንዱስትሪያል 20» ትላለች። እኔም 20 ካለ ብዬ 20ደብሊው-50 የሞተር ዘይት ሞላሁበት። ኅዳር ገባ፤ የሱሉልታ ውርጭ መጣ። ጠዋት ሳስነሳው የዘይት መስኮቱ ደርቆ ይቆያል፤ ፍሪሲዮኑን ባላቅቅም ዘንጉ መዞሩን አይተውም። ብዙ ሳይቆይ የፊተኛው ኩሽኔታ መጮህ ጀመረና ተቀየረ። ያንን ወጪ ሌላ ሰው እንዳያወጣ ነው ይህን የምጽፈው።

አሮጌውን ዘይት ማሽኑ ሠርቶ ሲሞቅ አፍስሰው፤ መብራቱን ቆርጠህ ከታች የተቀመጠውን ደለል በጨርቅ ጥረግ። በቤንዚን አትጠበው፤ እጥበት ከፈለገ በቀጭን ሃይድሮሊክ ዘይት ይሁን።

ቀጥሎ ዘይቱን መግዛት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩል። በጀሪካን ላይ የሚጻፍ ቁጥር ሁሉ አንድ መለኪያ አይደለም። የሶቪየቱ 20 በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ ውፍረት ነው። ዛሬ በፋብሪካ ዘይት ላይ የምታየው «አይኤስኦ ቪጂ» ደግሞ በ40 ዲግሪ ይለካል። ዘይት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ያው የሶቪየቱ 20 እዚህ ቪጂ 32 ይሆናል። 30 የሚል ማኑዋል ካለህ ቪጂ 46፣ 40 የሚል ከሆነ ቪጂ 68 ግዛ።

የሞተር ዘይት ቁጥር ግን ከሁለቱም ጋር አይገናኝም፤ የደረጃ መጠሪያ ነው። 20ደብሊው-50 ላይ ያለው 20 ዘይቱ በብርድ የሚኖረውን ባሕርይ ብቻ ይናገራል። በ40 ዲግሪ ስትለካው ውፍረቱ 160 ገደማ ነው፤ ማሽኔ ከሚፈልገው አምስት እጥፍ! ስለዚህ ሱቅ ገብተህ «ሃያ ዘይት አለ?» አትበል። «ሃይድሮሊክ 32» በል፤ ከዚያም ጀሪካኑን አዙረህ «ቪጂ 32» የሚለውን በዓይንህ አንብብ። እኔ መርካቶ ድረስ ሄጄ ነው ያገኘሁት። ሰበታም ሆንክ ቡራዩ፣ በእጅህ የቀረበውን የመኪና ዘይት ከመሙላት ያንን መንገድ ብትሄድ ይሻልሃል።

ውፍረቱ ቢገጥም እንኳ የሞተር ዘይት ለካምቢዮው አይሆንም። ውስጡ ያለው አጣቢ ቅመም ቆሻሻውን አንሳፍፎ ይይዘዋል። መኪና ላይ ፊልትሮ ይቀበለዋል፤ ብዙ አሮጌ ቶርኖ ላይ ግን ብናኙ ወደ ታች መዝቀጥ አለበት፤ አለዚያ ከዘይቱ ጋር ኩሽኔታው ላይ ይዞራል። «ጂኤል-5» የሚል የዲፈረንሻል ዘይትም አታስጠጋ፤ የድኝ ቅመሙ የነሐስ ቦኮላን ይበላል፤ ፍሪሲዮኑንም ያንሸራትታል።

ሰሌዳም ማኑዋልም የሌለው ማሽን ከሆነ፣ በፍጥነት ለሚዞር ዘንግ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ ከባድ ጭነት ለሚገፋ ማርሽ ወፍራም ዘይት ነው የሚስማማው። ለመንሸራተቻው የተለየ የሚጣበቅ ዘይት አለ፤ እኔ ግን ሲጠፋ ሃይድሮሊክ 68 ጠዋትና ከሰዓት እቀባለሁ። ግራሶ እዚያ አይገባም፤ ብናኝ ይዞ አልጋውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ስሙ ያልታወቀ ዘይት ቢመጣብህ ከፋርማሲ ሁለት እኩል ሲሪንጅ ግዛ። በአንዱ የምታውቀውን፣ በሌላው ያልታወቀውን ቅዳና አንድ ክፍል ውስጥ አሳድራቸው። ጠዋት መግፊያቸውን አውጥተህ እኩል አንጠባጥባቸው፤ ወፍራሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ውፍረቱን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ ቅመሙን አይነግርህም።

ከሞላህ በኋላ ማሽኑን ያለ ሥራ በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሳው። ዘይቱ በመስኮቱ ሲወርድ ካላየህ ወዲያው አጥፋው።