የቲማቲሙ ምርመራ ምን ይነግረናል?

ዛሬ የምንማረው በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ ስለሚቀር ፀረ-ተባይ ኬሚካል ምርመራ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ በመስኖ የሚለማውን ቲማቲም ምሳሌ እናድርግ።

ምርመራው የሚጀምረው ከናሙናው ነው። አንድ ፍሬ አንስቶ መመርመር አይበቃም። ለምን ቢሉ፣ የሚረጨው ሰው አንዱን ተክል አርሶ ሌላውን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለእንዲህ ያለው ምርት ቢያንስ 10 ፍሬ፣ ቢያንስ 1 ኪሎ እንዲወሰድ ያዛል። ናሙናው አይታጠብም፤ ሙዝና ብርቱካንም ከነልጣጫቸው ይፈጫሉ።

ከተፈጨው ላይ 10 ግራም ያህል ይመዘናል። አሴቶናይትራይል የተባለ ፈሳሽ፣ ማግኒዥየም ሰልፌትና ጨው ተጨምረውበት በኃይል ይናጣል። ጨዎቹ ውሃውን ከፈሳሹ ይለዩታል፤ ኬሚካሉም ከፈሳሹ ጋር ይወጣል። ኬቸርስ የሚባለው ይህ ዘዴ በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሞ ዓለምን አዳርሷል። የላቦራቶሪ መሣሪያዎችም ከዚህ ፈሳሽ ጠብታ በመቶ የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ይለያሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በመቶ የሚቆጠሩ እንጂ ሁሉንም አይደለም። ቲማቲምን ከሻጋታ በሽታ ለመከላከል የሚረጨው ማንኮዜብ በዚህ መንገድ አይያዝም። እሱን ለማግኘት ናሙናው በአሲድ ይፈላና የሚወጣው የካርቦን ዳይሰልፋይድ ጋዝ ይለካል። ይህ ለብቻው ካልታዘዘ፣ ማንኮዜብ የተረጨበት ቲማቲም ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ሊያገኝ ይችላል።

ከተፈቀደው የኬሚካል መጠን፣ ማለትም ከወሰን፣ ያለፈ ሁሉ መርዞ ይገድላል ማለትም አይደለም። ኅብረቱ ሌላ ወሰን ላልተቀመጠለት ኬሚካል የሚፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ይህም በ100 ቶን ቲማቲም 1 ግራም ማለት ነው። ለአንድ ኬሚካል የራሱ ወሰን የሚወጣው ግን ገበሬው በመመሪያው መሠረት ረጭቶ፣ የተባለውን ቀን ጠብቆ ቢለቅም ምን ያህል ይቀራል ተብሎ ነው፤ ከዚያ ለበላተኛው ጤና የማያሰጋ መሆኑ ይመዘናል። ስለዚህ ከወሰን በላይ መገኘቱ አስቀድሞ የሚመሰክረው ስለ እርሻው ነው፦ መጠኑ በዝቷል፣ ቀኑ አልተጠበቀም፣ ወይም ያልተፈቀደ ኬሚካል ገብቷል። ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል የሚረጨውን ወንድማችንን ግን ይህ ምርመራ ጨርሶ አያየውም፤ ከበላተኛው ይልቅ እጅግ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ለሆቴልም ሆነ ለማኅበር የምትገዙ፣ ወረቀቱን ስትቀበሉ ከውጤቱ በፊት የተመረመሩትን ኬሚካሎች ዝርዝር አንብቡ። ገበሬውን መጨረሻ ምን እንደረጨ ጠይቁት። የነገራችሁ ስም ከዝርዝሩ ከሌለ፣ ለዚያ ኬሚካል የሚሆነው ምርመራ ይታዘዝ።