የየኔታ ጣት በስክሪን ላይ፦ በአሮጌ ኮምፒዩተርና በሊኑክስ የሥልጠና ቪዲዮ ስለ መቅረጽ



በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሁሉ የየኔታን ጣት አይረሳም። ጣቱ ፊደሉን ሲያመለክት ድምፁ አብሮ ይሄዳል፤ ዓይን ያየውን ጆሮ ሲያጸናው ትምህርቱ በልብ ይቀመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንማረው የስክሪን ቀረጻም ከዚህ የራቀ አይደለም። መምህሩ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራውን ሁሉ ከነድምፁ መዝግቦ የሚያስቀር ቪዲዮ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰው ቀስት የመምህሩ ጣት ናት።

ለዚህ ትምህርት ምክንያት የሆነኝን ላስቀድም። መርሳ ላይ ለአጥቢያ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች የሦስት ቀን የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ሰጥተን ነበር። በመጨረሻው ቀን ከደጋው አጥቢያ ወርደው የመጡ አንድ መሪጌታ ጠጋ ብለው፦ «ልጄ ዲያቆን፣ አንተ ስታሳየኝ ሁሉም ይገባኛል። ዳገቱን ስወጣ ግን አብሮኝ የሚወጣው ግማሹ ብቻ ነው። ግማሹን ምን ላድርገው?» አሉኝ። «አባቴ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። የተመለስኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። የገቢው ሠንጠረዥ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሞ ነበር፤ ደረሰኞቹ ግን አንድም ሳይጎድል በክር ታስረው ተቀምጠዋል። መሪጌታው ታማኝ ነበሩ፤ የጠፋባቸው አንድ የሠንጠረዥ ቀመር ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ወራት በጉባኤው ውስጥ «ሒሳቡ ለምን አልቀረበም?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ጥያቄው ወደ ሐሜት መሄድ ጀምሮ ነበር። የእውቀት ጉድለት የታማኝነት ጉድለት መስሎ ሲታይ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የምእመናን አመኔታም አብሮ ይጎዳል። አሠልጣኙ በየአጥቢያው ሊገኝ ካልቻለ ትምህርቱ በየአጥቢያው እንዲገኝ ማድረግ ግዴታ ሆነብን።

1. አሮጌው ኮምፒዩተር ለምን? ሊኑክስስ ለምን?

ወልድያና መርሳ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱን ያሳለፉ ከተሞች ናቸው። በየጽሕፈት ቤቱ ያለውን ዕቃ በአዲስ የመተካት አቅም የሌለው አጥቢያ ብዙ ነው። በእጃችን የሚገኙት ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰርና ባለ 4 ጊጋባይት ራም የሆኑ፣ አብዛኞቹ በስጦታ የመጡ ኮምፒዩተሮች ናቸው። በእነዚህ ላይ የምናገኘው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከአምራቹ ያገኝ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አያሟሉም።

ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት፣ ሊያባዛውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት ነው። ከዝርያዎቹ መካከል ዙቡንቱና የሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ እትም ለአነስተኛ ኮምፒዩተር የሚመቹ ናቸው። የአማርኛ ጽሑፍም አያስቸግርም። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ስለተሰጠው፣ የአማርኛ ኪቦርድ መርጦ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ በተባሉት ቅርጸ ፊደላት መጻፍ ይቻላል።

2. ኮምፒዩተሩ የሚሸከመው ሸክም

ሸክሙን ያላወቀ ጫኝ አህያውን ይጎዳል። ስለዚህ ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ቀረጻ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በቁጥር እንመልከት።

የብዙ ላፕቶፖች ስክሪን በአግድም 1366፣ በቁመት 768 ነጥቦች አሉት። ይህ በድምሩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 4 ባይት ብንይዝ አንድ ምስል 4.2 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ቪዲዮ የተከታታይ ምስሎች ድርድር ነውና በሴኮንድ 30 ምስል ስንቀርጽ ኮምፒዩተሩ በየሴኮንዱ 126 ሜጋባይት ያህል መቀበል ይኖርበታል። ይህን እንዳለ ለማስቀመጥ ብንሞክር አንድ ደቂቃ ብቻ ከ7 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። በመሆኑም ምስሉ እየተጨመቀ መቀመጥ አለበት፤ የመጨመቁ ሥራ የሚወድቀው ደግሞ በደከመው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ቪዲዮው የሚቆራረጠው፣ ድምፁ ከምስሉ የሚለየው፣ ማቀዝቀዣውም የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከዚሁ ስሌት ይገኛል። የምናስተምረው ሠንጠረዥ መሙላት እንጂ የሩጫ ውድድር አይደለም፤ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ቀስቷና የሚጻፈው ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 10 ምስል ይበቃል። ሸክሙ ከ126 ወደ 42 ሜጋባይት፣ ማለትም ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ተማሪው ግን የሚጎድልበት ነገር የለም።

3. መሣሪያውን ስለ መምረጥ

በሰፊው የሚታወቀው የቀረጻ ሶፍትዌር ኦቢኤስ ስቱዲዮ ነው። መልካም መሣሪያ ቢሆንም በሊኑክስ ላይ ኦፕን ጂኤል 3.3ን የሚደግፍ የግራፊክስ ክፍል ይፈልጋል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይህ የላቸውም። ለእኛ የተመቸን ሲምፕል ስክሪን ሪኮርደር የተባለው ነው። በነፃ ይገኛል፤ በሶፍትዌር ማከማቻው ውስጥ በስሙ ፈልጎ መጫን ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሚሠራው ኤክስ 11 በተባለው የስክሪን አሠራር ላይ በመሆኑ፣ ዌይላንድ የተባለውን አዲሱን አሠራር የሚጠቀም ኮምፒዩተር ካላችሁ የይለፍ ቃል በምታስገቡበት ገጽ ላይ «ኤክስኦርግ» የሚለውን ምርጫ ውሰዱ።

4. የቀረጻው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሸክም አራግፉ። የኢንተርኔት ማሰሻውንና የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን ሁሉ ዝጉ። በመስኮቶች ዙሪያ ጥላና ብርሃን የሚያሳየውን የማስዋቢያ ቅንብር ከመስኮት አስተዳዳሪው ቅንብሮች ውስጥ አጥፉት።

ሁለተኛ፣ የስክሪኑን መጠን ራሱን ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጉ። ስክሪኑ ይህን መጠን ካልሰጠ 1024 በ768 ይሆናል። ቀረጻው ላይ «አሳንስ» ብሎ ማዘዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ማሳነሱ በራሱ ለፕሮሰሰሩ ተጨማሪ ሥራ ነው። ስክሪኑን ከመጀመሪያው ዝቅ ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፦ ሸክም ይቀንሳል፤ ፊደሉም ይተልቃል። ተመልካቾቻችን በአብዛኛው በስልክ የሚያዩ፣ አንዳንዶቹም ዓይናቸው የደከመ አባቶች ናቸው።

ሦስተኛ፣ በሲምፕል ስክሪን ሪኮርደር ውስጥ ሙሉ ስክሪን መቅረጽን ምረጡ፤ የምስሉን ብዛት በሴኮንድ 10 አድርጉ፤ ቀስቷም እንድትቀረጽ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት።

አራተኛ፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ፣ የቪዲዮውን መጭመቂያ ኤች 264፣ የድምፁን ኤኤሲ ወይም ኤምፒ 3 አድርጉ። የመጭመቂያውን ፍጥነት ፈጣን ከሚባሉት ከ«ሱፐርፋስት» ወይም ከ«አልትራፋስት» አንዱን ምረጡ። ፋይሉ ጥቂት ይገዝፋል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ያርፋል። የጥራት ቁጥሩን 23 ላይ ተዉት።

አምስተኛ፣ የ30 ሴኮንድ ሙከራ ቅረጹና እስከ መጨረሻው ተመልከቱት። ቀስቷ ከዘለለች ወይም ድምፁ ከቀደመ ወደ መጀመሪያው ተራ ተመለሱ። ሙከራ ሳያደርጉ የአንድ ሰዓት ትምህርት መቅረጽ መሠረት ሳይፈትሹ ግድግዳ እንደ ማቆም ነው።

5. መብራት ሲጠፋ

እኔ ራሴ የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ኤምፒ 4 በተባለው የፋይል ዓይነት እየቀረጽኩ 40 ደቂቃ ያህል ከተጓዝኩ በኋላ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመለስ ፋይሉ በቦታው ነበር፤ መጠኑም ትልቅ ነው፤ ግን አይከፈትም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የተለመደው ኤምፒ 4 የቪዲዮውን ማውጫ፣ ማለትም የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ክፍል፣ የሚጽፈው ቀረጻው ሲጠናቀቅ ነው። ማውጫው ሳይጻፍ ኮምፒዩተሩ ከጠፋ የተቀረጸው ሁሉ ገጽ ቁጥሩና ጥራዙ እንደ ጠፋበት የብራና ክምር ይሆናል። ኤምኬቪ ግን እየተጻፈ እያለ ራሱን ያደራጃል፤ መብራት ቢጠፋ የሚጎድለው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። ኤምኬቪን የማይከፍት ስልክ ሲያጋጥም፣ ቀረጻው ካበቃ በኋላ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ መሣሪያ ሳይጨመቅ እንደገና ወደ ኤምፒ 4 ማዛወር ይቻላል፤ ምስሉ ስለማይነካ ሥራው በአሮጌ ኮምፒዩተርም ቶሎ ያልቃል።

ከዚህ ጋር ሌላ ልማድ ያዝን፦ ትምህርቱን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በሆኑ ክፍሎች መከፋፈል። «የገቢ ደረሰኝ አመዘጋገብ» አንድ ክፍል፣ «የወጪ ማዘዣ» ሌላ ክፍል፣ «የወሩን ድምር ማውጣት» ሌላ ክፍል። መብራት ቢጠፋ የሚደገመው አንዱ ብቻ ነው፤ ተማሪውም የረሳውን ክፍል ለይቶ ያገኘዋል።

6. ድምፅ

ተማሪ ደብዛዛ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን አይታገሥም። በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ለማቀዝቀዣው ቅርብ ስለሆነ ጩኸቱን አብሮ ይቀዳል። ርካሽም ቢሆን ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ባዶ ክፍል ድምፅን ያስተጋባል፤ በግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ስጋጃ መስቀል ማስተጋባቱን ይቀንሳል። የቅዳሴና የጉባኤ ሰዓትን፣ የገበያ ቀንንም አስወግዱ። ስታስተምሩ አንብባችሁ አትቅረጹ፤ አንድ ሰው አጠገባችሁ እንዳለ አድርጋችሁ ተናገሩ። እኔ መሪጌታው አጠገቤ እንደ ተቀመጡ እያሰብኩ ነው የምናገረው፤ ያን ጊዜ ፍጥነቴ በራሱ ይረጋል።

7. ሊቀረጽ የማይገባው

የቀረጻ መሣሪያ ምስጢር አያውቅም፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ይወስዳል። የምእመናን ስምና የአባልነት ክፍያ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር በቪዲዮ ከወጣ መመለሻ የለውም። ድሃ መሆኑ በየስልኩ የተሰራጨበት ሰው ክብሩን ማን ይመልስለታል? ስለዚህ ለልምምድ ብቻ የተዘጋጀ፣ ስሞቹና ቁጥሮቹ ምናባዊ የሆኑ መዝገብ ይኑራችሁ። ከቀረጻ በፊትም መልእክት ብቅ እንዳይል የኮምፒዩተሩን ማሳወቂያዎች ዝጉ። ተጠናቅቆ ከመሰራጨቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሌላ የጉባኤ አባል ሙሉውን ይመልከተው።

8. ማድረስና ማቆየት

በምስልና በድምፅ በአንድነት በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ገደማ የሚወስድ የ10 ደቂቃ ትምህርት 37.5 ሜጋባይት ይሆናል። እንዲህ ያሉ 20 ትምህርቶች ከ1 ጊጋባይት በታች ናቸው፤ በአንድ ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ዳገቱን ይወጣሉ፤ ኢንተርኔት አያሻቸውም።

ቅጂውን በሁለት ቦታ ማኖርን አትርሱ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ ቅጂያቸውን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ አኑሯል። ከእነዚህ አንዱ የጎረቤታችን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅርስ የሆነው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። አባቶቻችን ያቆዩትን መጽሐፍ በሁለት አህጉር ለማኖር የተደከመ ከሆነ፣ እኛ አንዱን ቅጂ በአጥቢያው ሣጥን፣ ሌላውን በወረዳው ቤተ ክህነት ማኖር አይከብደንም።

መሪጌታው ዛሬ ሠንጠረዡን የሚሞሉት ቪዲዮውን በልጃቸው ልጅ ስልክ ከፍተው፣ እያቆሙና እየደገሙ ነው። በቅርቡ ስጎበኛቸው «ያ ግማሹ ዳገቱን ወጣ» ብለው ሳቁ። የዓመቱን ሒሳብም ራሳቸው በጉባኤው ፊት ቆመው አቀረቡ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው፣ እርሱ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ሥራ የትኛው ነው?
2. በጽሕፈት ቤታችን የተቀመጠ፣ «አርጅቷል» ተብሎ የተተወ ኮምፒዩተር አለን? የራሙን መጠንና የፕሮሰሰሩን ዓይነት መርምረናል?
3. በቀረጻ መልክ መውጣት የሌለባቸውን መዛግብት ለይቶ የወሰነ የጉባኤ ቃለ ጉባኤ አለን?
4. የመጀመሪያውን የ5 ደቂቃ ትምህርት ማን ያዘጋጅ? መቼ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።