ሎሚን ከመቁረጣችን በፊት

ሎሚ በአገራችን ማእድ ቤት ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ማጽጃም ነው። ዶሮ ከተበለተ በኋላ ሎሚና ጨው በገባበት ውሃ ይታጠባል፤ የዓሣ ጠረን በሎሚ ይጠፋል፤ ሽንኩርት የከተፈ እጅም በሎሚ ይታሻል። ማጽጃ የሆነ ነገር ራሱ መታጠብ ያስፈልገዋል ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ልማድ ከሳይንስ አንጻር ምን ያህል እንደሚያስኬድ እንመለከታለን።

ለሎሚ ኮምጣጣ ጣዕሙን የሚሰጠው ሲትሪክ አሲድ ነው። ይህን አሲድ ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ ያወጣው በስዊድን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1784 ነበር። የንጹሕ ጭማቂው ፒኤች ከ2 እስከ 3 ስለሚደርስ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በውስጡ ሊራቡ አይችሉም። ይሁን እንጂ አለመራባት መሞት አይደለም። አሲድ ባክቴሪያን ለመግደል በቂ ጥንካሬና በቂ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ የተጨመቁ ሁለትና ሦስት ሎሚዎች ደግሞ ሁለቱንም አያሟሉም።

ዶሮው በወጡ ውስጥ በሚገባ ስለሚበስል በሥጋው ላይ የነበሩት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር በሙቀቱ ይሞታሉ። የሚያሰጋው ዶሮውን ያጠብንበት ውሃ የተረጨበት ቦታ፣ ቢላዋውና መክተፊያው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዶሮ በነካ እጅ ተይዞ ወደ ሰላጣ የሚሻገረው ግማሽ ሎሚ ነው። ይህ ሎሚ እሳት አያገኘውም።

ያልተሰነጠቀ ፍሬ ውስጡ በአብዛኛው ንጹሕ ነው። አፈር፣ የመስኖ ውሃ፣ የለቃሚውና የነጋዴው እጅ የነካው ልጣጩን ነው። ባልታጠበ ልጣጭ ላይ ያለፈ ቢላዋ ያንን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካና በካናዳ ፓስቸራይዝ ያልተደረገ የብርቱካን ጭማቂ ከጠጡ ሰዎች መካከል ከ200 በላይ የሚሆኑት በሳልሞኔላ መያዛቸው ተረጋግጧል፤ ጭማቂው አሲዳማ መሆኑ አላዳናቸውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2001 ባወጣው ደንብ አምራቾች በጭማቂ ውስጥ ያለውን ጀርም 100,000 ጊዜ እንዲቀንሱ አስገደደ። ለብርቱካንና ለመሰሎቹ ግን፣ ከመጨመቃቸው በፊት ልጣጩ ላይ የሚደረገው ማጽዳት እንዲቆጠር ፈቀደ፤ ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው ነው።

በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ሎሚም ሆነ ብርቱካን፣ ልጣጩ የሚጣል ቢሆንም እንኳ፣ ከመቆረጡ በፊት በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እየታሸ ይታጠባል። ልጣጩ ሊመጠው ስለሚችል ሳሙና አይመከርም። ለሰላጣ የሚሆነው ሎሚ ጥሬ ሥጋ ከመነካቱ በፊት ተቆርጦ ለብቻው ይቀመጥ። በረኪና ባለበት ዕቃ ላይ ሎሚ መጭመቅ ፈጽሞ አይገባም፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

ብዙም የማይታወቅ ሌላ ነገርም አለ። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች ይገኛሉ። እነዚህ በቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳን ያቃጥላሉ። ቃጠሎው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በመቅላትና በውሃ መቋጠር ይገለጣል፤ ጥቁር ምልክቱም ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሎሚ የጨመቀ ሰው ወደ ደጅ ከመውጣቱ በፊት እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠብ።