ሽማግሌዎቻችንን «ምን ይታይዎታል?» ብለን እንጠይቅ

እንደሚታወቀው ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መካከል ዓይን ታላቅ ስፍራ አለው። ይሁን እንጂ ማየት የዓይን ሥራ ብቻ አይደለም። ዓይን ብርሃንን ይቀበላል፤ የእይታ ነርቭ ያደርሳል፤ የታየውን «ይህ ፍየል ነው፣ ያ ድንጋይ ነው» ብሎ የሚለየው ግን አንጎል ነው። ስለዚህ አንጎል በታመመ ጊዜ፣ ዓይን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማየት ሊያስቸግር ይችላል። በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ነርቭ ሥርዓት ከተማርን በኋላ ያነበብሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ባጭሩ ለማቅረብ የተነሣሁት፣ ይህ ችግር በአገራችን በአበርገሌ «እርጅና ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ነው።

፩ኛ/ ስለ በሽታዎቹ

የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ የሚሄዱባቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። አንደኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ነው። ሕመምተኛው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ አረማመዱ ይዘገያል። ሁለተኛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው የመርሳት በሽታ ነው። «ጃጀ» ብለን ከምናልፋቸው ሰዎች መካከል ይህ በሽታ ያለባቸው ይገኛሉ። ሦስተኛው የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃው መልቲፕል ስክለሮሲስ ሲሆን፣ ይህ በወጣትነት ዕድሜም ይጀምራል።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ በ60,820 ሰዎች መካከል የነርቭ በሽታዎችን ሲያጠኑ ፓርኪንሰንንም አግኝተዋል። ቁጥሩ ከ100,000 ሰው 7 ያህል ነበረ። ጥቂት ቢመስልም፣ በሽታው ከዕድሜ ጋር የሚበዛ ስለሆነ የሰው ዕድሜ በረዘመ መጠን ሕመምተኛውም ይበዛል። በአዲስ አበባም ራሳቸው የበሽታው ሕመምተኛ የሆኑት ወይዘሮ ክብራ ከበደ በ2011 እ.ኤ.አ. እነዚህን ሕሙማን የሚረዳ ድርጅት መሥርተዋል።

፪ኛ/ እይታን እንዴት እንደሚጎዱ

ፓርኪንሰን በያዘው ሰው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጎድላል። ዶፓሚን በዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ማለት በሬቲና፣ ውስጥም የሚገኝ ሲሆን፣ ተቀራራቢ ቀለም ያላቸውን ነገሮች ለይቶ ለማየት ይረዳል። ስለዚህ ሕመምተኛው ጎላ ያለውን እያየ ደብዘዝ ያለው ይጠፋበታል፤ ለምሳሌ አመድማ ድንጋይ በአመድማ መንገድ ላይ አይለይለትም። ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው እያነሰ ስለሚሄድ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆረቁረዋል። ሁለቱ ዓይኖቹ ቅርብ ባለ ነገር ላይ አብረው ማረፍ ስለሚያቅታቸው፣ በመርፌ ክር ሲያስገባ ወይም ዳዊት ሲደግም አንዱ ሁለት ይሆንበታል።

አንዳንዱም በቤቱ የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ይታየዋል። ይህ ከበሽታው ወይም ከመድኃኒቱ የሚመጣ ነው። ሕመምተኛው ግን «አበደ» ወይም «መንፈስ ያዘው» እንዳይባል ፈርቶ በልቡ ይዞት ይኖራል።

በመርሳት በሽታ ደግሞ የአንጎል የኋላ ክፍል የተጎዳ እንደ ሆነ፣ ሰው ከፊቱ የተቀመጠውን ዋንጫ እየፈለገ ያጣዋል፤ ርቀት መገመት ስለሚያቅተው የበሩን ደፍ ይስታል። አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክ ቤንሰንና ባልደረቦቹ ይህን ዓይነቱን በ1988 እ.ኤ.አ. ለይተው ገልጸውታል። በመልቲፕል ስክለሮሲስ የእይታ ነርቭ ሲቆጣ አንዱ ዓይን በጥቂት ቀን ውስጥ ይደበዝዛል፣ ሲያንቀሳቅሱት ያማል፤ ቀይ ቀለምም የወየበ ይመስላል።

፫ኛ/ መጠየቅ ለምን እንዳስፈለገ

ሆላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፊደል ሰሌዳ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ፊደል ላልተማረም እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየዘረጋ የምልክቱን አቅጣጫ የሚያሳይበት ሰሌዳ አለ። ነገር ግን ሰሌዳው በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ምልክት ነው፤ የሚታየውም በብርሃን ነው። እስከ መጨረሻው መስመር ያነበበ ሽማግሌ፣ ማታ ከበረት ሲመለስ ድንጋይ ሊያደናቅፈው ይችላል። ሽማግሌውም ነገሩን የእርጅና ነው ብሎ አይናገርም፤ ሐኪሙም ስለ እጁ መንቀጥቀጥ እንጂ ስለሚታየው ነገር አይጠይቀው ይሆናል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሆላንድ ተመራማሪዎች በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሃያ ያህል አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መጠየቂያ አዘጋጅተው፣ መጀመሪያ ከአንድ ሺህ በላይ ከሚሆን ሕዝብ መካከል ፈትነው ውጤቱን በ2020 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የመጠየቂያው ዓላማ ለበሽታው ስም ማውጣት ሳይሆን የተደበቀውን ችግር ማውጣት ነው። የከተማ ሰው ስለ ጋዜጣና ስለ መኪና ቢጠየቅ ይገባዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው ከኑሯችን መነሣት አለበት። እኔ በበኩሌ የሚከተሉትን አስቤአለሁ፦

ሀ/ ሲመሽ ወይም ጨለም ወዳለ ቤት ሲገቡ ማየት ከቀድሞው ይልቅ ያስቸግርዎታል?
ለ/ ቁልቁለት ሲወርዱ እግርዎን የት እንደሚያሳርፉ መለየት ያቅትዎታል?
ሐ/ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታይዎታል?
መ/ የቀትር ፀሐይ ከልክ በላይ ያጥበረብርዎታል?
ሠ/ ከመንጋው መካከል የራስዎን ፍየል ለመለየት ጊዜ ይፈጅብዎታል?
ረ/ ሌላው የማያየው ሰው ወይም እንስሳ ይታይዎታል?

ኽምጣኛ የሚናገሩትን በኽምጣኛ መጠየቅ ይገባል። የመጨረሻው ጥያቄ ሰው በተሰበሰበበት ሊቀርብ አይገባውም። የሚረሱትን ሰዎች በጠየቅን ጊዜም አብሮ የሚኖረውን ሰው ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

፬ኛ/ ከተጠየቁ በኋላ

በመጀመሪያ ዓይኑ ይመርመር። በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኝተዋል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሞራ ወይም ትራኮማ አይዘውም ማለት አይደለም፤ አንዱ በሽታ ሌላውን አይከለክልም። ስለዚህ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር፣ ወደ ጤና ጣቢያም መውሰድ፣ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ሰቆጣ በሚገኘው በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም ማማከር ይገባል። ዓይን በድንገት ከደበዘዘ ግን አንድ ቀን እንኳ መቆየት አይገባም።

በቤትም የሚሠራ አለ። ደፉን ኖራ መቀባት፣ ወተትን በጥቁር ዋንጫ ማቅረብ፣ ማታ መብራት ማኖር፣ ዕቃን ከለመዱት ቦታ አለማንሣት ገንዘብ የማይጠይቁ ወይም ጥቂት ብቻ የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው። የሌለ ነገር የሚታየውን ሰው መሳቅበትም መቆጣትም አይገባም። መድኃኒቱንም ሐኪም ሳያዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ወደ ጠበል መሄድም ለሐኪም ከመናገር አይከለክልም።

ውድ ጓደኞቼ፣ እኛ ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን በክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ከአያቶቻችን አጠገብ ተቀምጠን እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ለመጠየቅና መልሳቸውን በወረቀት ጽፈን ለጤና ጣቢያ ለማድረስ የሚያንሰን ዕውቀት የለም። ወላጆቻችንም እንዲያግዙን በትሕትና እለምናለሁ።