ሰማዩ ጠርቶ የሚመጣ ጎርፍ

ደባርቅና ዳባት ሐይቅ ስለሌላቸው ብዙ ወላጅ መስጠም የጣና ዳር ሰው ጭንቀት ብቻ ይመስለዋል። የዚህ አገር ውሃ ክፋቱ ግን ድንገተኛነቱ ነው። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ወንዝ ሁሉ በገደልና በቁልቁለት ተምዘግዝጎ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሊማሊሞን ወርዶ ቆላው ሲደርስ፣ እዚያ ያለው እረኛ ፀሐይ እየሞቀ ሊሆን ይችላል።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ከብት ይዘው ወንዝ ዳር የሚውሉበት ጊዜ ነው። ምልክቱን አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፦ ጠርቶ ይወርድ የነበረ ውሃ ከደፈረሰ፣ ጭራሮና አረፋ ካመጣ፣ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ከተሰማ ከብቱን ልሰብስብ ሳይሉ ወደ ከፍታ ይውጡ። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ጎርፍ አዋቂን ይጥላል። ደራሹ ካልጎደለ ሳይሻገሩ እዚያው ማዶ ካለ ዘመድ ቤት ይደሩ።

እዚህ ላይ አባቶችን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ጥጃ የተወሰደበት ልጅ ጎርፉን የሚደፍረው ማታ ቤት የሚጠብቀውን ዱላ ከውሃው አብልጦ ሲፈራ ነው። ክረምቱ ሳይገባ «ከብቱ ቢሄድ ይሂድ፤ አልቆጣህም» በሉት። ቃላችሁንም ጠብቁ።

ለሕፃናቱ የሚያሰጋው ግቢው ነው። ፕላስቲክ የተነጠፈበት የውሃ ማቆሪያ ዳርቻው ያሙለጨልጫል፤ የገባ ልጅ የሚጨብጠው የለም። በእሾህ አጥሩት፤ ቋጠሮ ያለው ገመድም ካስማ ላይ አስራችሁ ወደ ውስጥ ልቀቁበት። ልብስ የታጠበበት ሳፋ ወዲያው ይደፋ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ሰምጠው ከሚሞቱት ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ባንግላዲሽ ውስጥ እናቶች ሥራ በሚበዛባቸው የጠዋት ሰዓታት ሕፃናትን የሠለጠነች የመንደር ሴት ዘንድ ማዋል ሞቱን በእጅጉ ቀንሶታል። ለአጨዳ ደቦ የሚጠራራ ሰፈር ልጅ ለመጠበቅ ተራ መግባት አያቅተውም።

የሚሰምጥ ሰው ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ፤ ረጅም ዱላ ዘርጉለት፣ ወይም ገመድ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጅሪካን ወርውሩለት። ከወጣ በኋላ እግሩን ይዞ መዘቅዘቅም ሆነ ሆዱን መጫን ይቅር፤ ጊዜ ያባክናል። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ 5 ጊዜ በአፉ እፍ በሉበት። ካልነቃ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ጫኑና 2 ጊዜ እፍ በሉ፤ እርዳታ እስኪደርስ ደጋግሙት። ሲነቃ እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ በጋቢ ጠቅልሉት። ተነሥቶ ቢሄድና ቢያወራ እንኳ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ሳንባው የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።